የሃበን ግርማን ፎቶ ከመስቀላችሁ በፊት ኪቦርዱን አዘጋጁ

ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ማዕከላት፣ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች እና ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን፣

ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር የሃበን ግርማ ስም መነሳቱ ተገቢ ነው። ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ማየትና መስማት የተሳናት ሰው መሆኗ ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል። የተነገረው ልክ ነው። የሚቀረው እንዴት እንደተማረች ነው። ንባቡ በምን መልክ ደረሳት? የመምህሩን ቃል በማን በኩል አገኘችው? ምሳዋን እንዴት መረጠች? እኛ በብሬል ዝግጅትና ማየትና መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በማስተርጎም ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የእሷን ታሪክ የምናነሳው እናንተ ዘንድ ለሚመጣ ተማሪ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚያው ውስጥ ስላለ ነው።

ሃበን እ.ኤ.አ. በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ከተማ ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እናቷ በ1983 ከኤርትራ በስደት የወጣች፣ አባቷ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ በዚህ ምክንያት «የማን ናት» የሚለው ሙግት በእኛ ሰው ዘንድ አያልቅም። ለእናንተ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሟም እንደ እሷ ማየትና መስማት የተሳነው ነው፤ የተወለደው ግን ኤርትራ ነበርና በልጅነቱ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት አላገኘም። እሷ ስትወለድ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አካል ጉዳተኛን እንዳያገልል የሚከለክለው የ1973ቱ ሕግ፣ አንቀጽ 504፣ ሥራ ላይ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሲሞላት የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ታከለበት። በኦክላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብሬል ተማረች፣ በ2010 ኦሪገን ፖርትላንድ ከሚገኘው ሉዊስ ኤንድ ክላርክ ኮሌጅ፣ በ2013 ከሃርቫርድ ሕግ ተመረቀች። የአንድ ቤት ልጆችን ዕድል የለያየው የአእምሮ ብርታት አልነበረም።

አንድ እርማት እግረ መንገዳችንን፦ «ከሃርቫርድ የተመረቀች የመጀመሪያዋ» ብሎ በደፈናው መናገር ነገሩን ያዛባል። ማየትና መስማት የተሳናት አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሄለን ኬለር በ1904 ከራድክሊፍ ተመርቃለች፤ ራድክሊፍ የሃርቫርድ እኅት ኮሌጅ ነበር፣ ሃርቫርድ ራሱ ያኔ ሴት አይቀበልም። የሃበን ቀዳሚነት በሕግ ትምህርት ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ካፌው እንምጣ፤ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ የሚያልፈው ይህን ክፍል ነውና። ኮሌጅ ሳለች የካፌው የዕለት ምግብ ዝርዝር በወረቀት ታትሞ መግቢያው ላይ ይለጠፍ ነበር። ምግቡ የሚታደለው በተለያዩ መስኮቶች ነው፤ የትኛው ምን እንዳለው ያላነበበ ሰው ተሰልፎ የደረሰውን ይበላል። ሃበን ደግሞ ያኔ ሥጋ አትበላም ነበር። ዝርዝሩ በኢሜይል እንዲላክላት ኃላፊውን ጠየቀች፤ ከሺህ በላይ ተማሪ እናስተናግዳለን፣ ጊዜ የለንም የሚል መልስ አገኘች። ለወራት ዝም ብላ የደረሳትን በላች። በኋላ ሕጉን አነበበችና ይህ የውለታ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ካልተስተካከለ ክስ እንደምትመሠርት ጻፈችላቸው። ኃላፊው ይቅርታ ጠየቀ፤ ዝርዝሩም በየቀኑ ይላክላት ጀመር። በማግሥቱ ዓመት ሌላ ዓይነ ስውር ተማሪ ሲገባ ነገሩ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ወደ ጠበቃነት የመራት ይህ ነው።

በእናንተ ካፌ ይህ ምን ይፈልጋል? የሳምንቱ ዝርዝር አስቀድሞ ስለሚታወቅ አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት በቴሌግራም በጽሑፍ ይልከዋል። የተለጠፈውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ግን እንዳልላኩት ይቆጠራል፤ ፎቶ በብሬል አይነበብም። ይህችን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ፣ በሬጅስትራርም በዲፓርትመንትም ደጋግማ ትመጣለች።

ሃርቫርድ ክፍል ውስጥ የተሠራው እንዲህ ነበር። ሃበን የተወሰነ የቀረ የመስማት ችሎታ አላት። አስተርጓሚዋ ከክፍሉ ጀርባ ተቀምጣ መምህሩና ተማሪዎቹ የሚሉትን በማይክሮፎን ትደግመዋለች፤ ድምፁ በገመድ አልባ ማሠራጫ በቀጥታ ሃበን ጆሮ ውስጥ ይገባል። አስተርጓሚዋ ማን እንደተናገረ፣ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ሰሌዳው ላይ ምን እንደተጻፈ ትጨምራለች። ንባቦቹ ክፍል ከመጀመሩ በፊት በኮምፒውተር ፋይል ይደርሷታል፣ በብሬል ታነባቸዋለች። ሰው በሚበዛበት ጫጫታ ውስጥ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ያኔ ኪቦርዱ ይወጣል። የሚያነጋግራት ሰው በተራ ኪቦርድ ይተይባል፣ የተተየበው በእጇ ባለው የብሬል ማሳያ ላይ ነጥብ ሆኖ ይነሳል፣ እሷ በጣቷ አንብባ በድምፅዋ ትመልሳለች። ሐምሌ 2015 ዋይት ሀውስ ውስጥ የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ 25ኛ ዓመት ሲከበር ፕሬዚዳንት ኦባማ ያነጋገሯት በዚሁ ኪቦርድ ጽፈው ነው።

ይህን ለማዘጋጀት ሃርቫርድ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ተጨማሪ ኪቦርድና አንድ የብሬል ማሳያ ነው። ውዱ ማሳያው ነው፤ ባለ 40 ሴሎቹ (ሴል አንድ የብሬል ምልክት የሚወጣበት የነጥቦች ቦታ ነው) በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ፣ ኦርቢት ሪደር 20 የሚባለው ባለ 20 ሴል ግን ከ1,000 ዶላር በታች ይገኛል። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ወይም በብሬል የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ነፃ ነው። ብዙዎቻችሁ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ላብ ውስጥ ጭናችሁታል፤ ግን ለድምፅ ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። ሴቲንግስ ውስጥ ብሬል የሚለውን ክፈቱ፣ የውጤት ሠንጠረዡን ወደ ኢትዮፒክ ቀይሩ፣ ቃል እንዳይቆራረጥ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ከዚያ ኖትፓድ ከፍታችሁ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት የጋራ ኮድ) አማርኛ ስትጽፉ ጽሑፉ በማሳያው ላይ በአማርኛ ብሬል ይወጣል።

የሚበላሸው የት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁት። በውይይቱ መሃል የቴሌግራም ወይም የዊንዶውስ ማሳሰቢያ ብቅ ካለ የሚተየበው ጽሑፍ ወደማይታወቅ ቦታ ይሄዳል፤ ተማሪው በባዶ መስመር ላይ ጣቱን አስቀምጦ ይጠብቃል፣ የሚተይበው ሰው ምንም ሳያውቅ ይቀጥላል። ማሳሰቢያዎችን ዝጉ፣ ኢንተርኔቱንም አጥፉ። የብሉቱዝ ኪቦርድ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ይተኛል፣ ሲነቃ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ይውጣል፤ ስለዚህ ረዘም ባለ የዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ ይሻላል። ተማሪው በድምፅ የማይመልስ ከሆነ በላፕቶፑ ኪቦርድ ይጽፋል፣ ኤፍና ጄ ላይ ያሉት ጉብታዎች ለጣቱ ይበቁታል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተየቡ ግን ጽሑፉ ይደባለቃልና የጨረሰ ሰው ሁለት መስመር ይዝለል፣ ሌላው ያን ሲያገኝ ይጀምር።

የሚተይበው ሰው የፊደል ግድፈት ሲያይ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጥፋት ይወዳል። አይመለስ፤ የሚነበበው መስመር በጣት ሥር እየተለዋወጠ አንባቢውን ያደናግራል። ቃሉን እንደገና በትክክል ጽፎ ይለፍ። ስሙን አስቀድሞ ይጻፍ፣ «አበበ ነኝ» ብሎ። ሰው ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ክፍሉ ሲስቅ ይጻፍ። «ተወው፣ ትልቅ ነገር አይደለም» የሚባል ነገር የለም፤ ትልቅ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ተማሪው ነው።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር። የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል፤ ስለዚህ ከሳድሱ በቀር አንድ ፊደል በአብዛኛው ሁለት ሴል ይወስዳል። ባለ 32 ሴል ማሳያ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 20 ገደማ ፊደል ነው፣ ባለ 20 ሴሉ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ቃል። አንባቢው በየሁለት ሦስት ቃሉ ቁልፍ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ዓይናማ ተማሪ በጨረፍታ የሚያየውን ባለ አራት አምድ ሠንጠረዥ በዚህ መንገድ ማንበብ በር ሥር አጎንብሶ የቤቱን ዕቃ እንደመቁጠር ነው። ሠንጠረዡን ወደ ዓረፍተ ነገር ፈትታችሁ ስጡት። የፈተና ተጨማሪ ሰዓት ልግስና የማይሆነውም በዚህ ስሌት ነው፤ አንድ ተኩል እጥፍ ለአንዳንዱ ይበቃል፣ ሠንጠረዥና ቀመር ላለበት ፈተና ሁለት እጥፍም ሊያንስ ይችላል። ከተማሪው ጋር በአንድ የሙከራ ጥያቄ ለክታችሁ ወስኑ።

የሃንድአውት ነገር ራሱን የቻለ ችግር ነው። ከመምህራን የሚመጣው በሦስት መልክ ነው። አንዱ በስልክ የተነሳ ወይም ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፤ እሱ ሥዕል ነው፣ ስክሪን ሪደር ምንም አያገኝበትም። ሁለተኛው በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ሞጁል ነው። ይህ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ አድርጎ ነው፤ ብሬሉም ያንን ድብልቅ ያወጣል። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ አንቀጽ ገልብጣችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ ፎንቱ አሮጌ ነው፣ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊ ያንኑ ፕሮግራም ትቶ መሄድ የለበትም፣ የዩኒኮድ አማራጩን ይምረጥ። ሦስተኛው በዩኒኮድ የተጻፈ የወርድ ፋይል ነው፤ እሱ ደህና ነው፣ ርዕሶቹ በወርድ የርዕስ ስታይል ከተሠሩ ደግሞ ተማሪው 80 ገጽ ውስጥ የሚፈልገውን ምዕራፍ በቁልፍ ይዘላል። ርዕሱን አድምቆና አሥምሮ ብቻ መተው ለጣት ምንም አይነግርም።

በወረቀት ብሬል የምታትሙ ከሆነ አንድ የአማርኛ ገጽ ብዙ የብሬል ገጽ እንደሚሆን አስቡና ፋይሉን ሴሚስተሩ ሳይጀመር ተቀበሉ። መምህሩ ሐሙስ የሰጠውን ለሰኞ ክፍል ማድረስ አይቻልም፤ ማተም ብቻውን አይደለም፣ ማረም አለ። የታተመውን ደግሞ መደርደሪያ ላይ አቁሙት፤ ተደራርቦ ከተኛ ከታች ያለው ነጥብ ይከሰከሳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ብሬል ለሚያውቅ ነው። ሃበን በድምፅ ትናገራለች፣ ብሬል ከልጅነቷ ታውቃለች። ሌላው ተማሪ እንደ እሷ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ መስማት የተሳነው፣ በምልክት ቋንቋ ያደገ፣ በኋላ ዓይኑ እየደከመ የመጣ ሰው አለ፤ አሸር ሲንድረም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም እንዲህ ያደርጋል። ለእሱ ንክኪ የምልክት ቋንቋ ያስፈልገዋል፦ እጁን በአስተርጓሚው እጅ ላይ አሳርፎ ምልክቱን በእንቅስቃሴው ያነባል።

እዚህ ላይ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሁሉ ይበቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። በምልክት ቋንቋ ጥያቄ መሆኑ በቅንድብ ይታወቃል፣ ቅንድብ ደግሞ በእጅ አይነበብም፤ «ትመጣለህ?» የተባለው «ትመጣለህ» ሆኖ ይደርሳል። አስተርጓሚው የጥያቄ ምልክቱን በእጅ መጨመር አለበት። ራስ መነቅነቁም አይታይም፣ ስለዚህ «እየተከተልኩ ነው» ለማለት እጅ ላይ መታ መታ ማድረግን ይስማሙበት። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፣ ጥፍር ይቆረጥ። ሁለቱ ወንበሮች እኩል ከፍታ ይኑራቸው፣ ክርን የሚያርፍበት ጠረጴዛ ይኑር፣ አለዚያ ትከሻ በግማሽ ሰዓት ይዝላል። ለአንድ ሌክቸር ሁለት አስተርጓሚ መድቡ፣ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ይቀያየሩ። አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ሰዓት ቢያስተረጉም መጀመሪያ የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው፣ ማን እንደጠየቀ። ቋንቋው ራሱ የሚጠፋው ቀጥሎ ነው።

በሁለቱም መንገድ የማይግባባ ሰው ሲገጥማችሁ በጠቋሚ ጣት መዳፍ ላይ ፊደል ይጻፍ፤ አንዱን ጽፋችሁ በዚያው ቦታ ላይ ሌላውን፣ በቃል መካከል ቆም ብላችሁ መዳፉን ጠረግ አድርጉ። ዘገምተኛ ነው፣ ለሌክቸር አይሆንም፣ ለ«እሳት ተነስቷል፣ እንውጣ» ግን ይሆናል። የዶርም ጠባቂዎች ይህን ብቻ ቢማሩ አንድ ከሰዓት ይበቃቸዋል። ቀይና ነጭ ሽንትር ያለው በትር የያዘ ሰውም መስማትም ማየትም እንደተሳነው ይወቁ፤ «ወደ ግራ!» ብሎ መጮህ አይጠቅመውም።

ሃበን ከተመረቀች በኋላ የሠራችውን ስናነሳ የስክሪብድ ክስ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ስክሪብድ ከ40 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ በኢንተርኔት የሚያቀርብ ኩባንያ ነበር፤ ድረ ገጹና መተግበሪያው ግን በስክሪን ሪደር አይነበቡም ነበር። የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን በ2014 ቨርሞንት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ሃበን በርክሌይ ባለው ዲስአቢሊቲ ራይትስ አድቮኬትስ በተባለው የአካል ጉዳተኞች መብት ጠበቆች ድርጅት ከከሳሽ ጠበቆች አንዷ ነበረች። ኩባንያው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ የሚመለከተው ሰው በእግሩ የሚገባበትን ቦታ ነው፣ እኛ ደግሞ ሱቅ የለንም ሲል ተከራከረ። ዳኛው መጋቢት 2015 መቃወሚያውን ውድቅ አደረጉት፤ አገልግሎት በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ድርጅትም በሕጉ ይሸፈናል አሉ። ብዙ ጊዜ «ክሱን አሸነፈች» ተብሎ ይወራል። በትክክል ለመናገር ጉዳዩ ወደ ፍሬ ነገር ክርክር ሳይሄድ በዚያው ዓመት በስምምነት ተቋጨ፣ ኩባንያውም አገልግሎቱን ሊያስተካክል ግዴታ ገባ። ውጤቱ አያንስም፤ በዚያ ፍርድ ቤት «ሱቅ የለንም» የሚለው መከላከያ አልጸናም። ሽልማቶቿን መዘርዘር እንተወው፤ በ2019 የሕይወት ታሪኳን ማሳተሟንና በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን አባል መሆኗን መጥቀስ ይበቃል።

ይህ የአሜሪካ ሕግ ነው፣ እኛ ምን አገባን የሚል ካለ፦ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማየትና መስማት የተሳናቸውን ለይቶ በስም ይጠራል፤ ትምህርታቸው ለእያንዳንዳቸው በሚስማማ ቋንቋና የመግባቢያ ዘዴ እንዲሰጥ ያዛል፣ በከፍተኛ ትምህርትም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል። የመመዝገቢያ ፖርታላችሁ በስክሪን ሪደር ካልተከፈተ የመጀመሪያው በር እዚያ ተዘግቷል ማለት ነው።

ሃበን አካል ጉዳተኛን «አነቃቂ» ብሎ ማድነቅ ብዙውን ጊዜ ሐዘኔታን መሸፈኛ እንደሆነ ደጋግማ ትናገራለች። እንስማማለን። ፎቶዋን አትስቀሉ አንልም፤ ስትሰቅሉ ግን የፎቶውን መግለጫ በጽሑፍ አያይዙ፣ እሷ ራሷ ብትመጣ ማንበብ እንድትችል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት የመመዝገቢያ ቅጻችሁ ላይ ማየትና መስማት የተሳነው ራሱን የቻለ ምርጫ ሆኖ ይግባ። አሁን «ማየት የተሳነው» ወይም «መስማት የተሳነው» ብቻ የሚል ቅጽ የሞላ ተማሪ በአንዱ ተቆጥሮ የሌላውን ድጋፍ ያጣል፤ የድምፅ ቅጂ የሚሰጠው መስማት የማይችል ተማሪ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከቅጹ ሥር «የምትግባባው በምንድን ነው?» የሚል አንድ ባዶ መስመር ይታከል። እያንዳንዱ ማዕከል ቢያንስ አንድ የብሬል ማሳያና አንድ ትርፍ ኪቦርድ ይኑረው፣ ኤንቪዲኤን በኢትዮፒክ ብሬል ማስነሳት የሚችል አንድ ሠራተኛ በስም ይመደብ። መምህራን ሞጁላቸውን በዩኒኮድ እንዲያስገቡ ዲፓርትመንቶች በደብዳቤ ይታዘዙ። ተማሪው ሲመጣ ደግሞ አብሮት የመጣውን ዘመድ ትታችሁ እሱን ጠይቁት፤ ጥያቄውን እስኪያነብ ጠብቁ፣ መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ ስትሰጡን ማኅተም ያረፈበት ስካን ብቻ አትላኩልን። ከእኛ መካከል በጣት የሚያነቡ አሉና ጽሑፉን በወርድ ፋይል፣ በዩኒኮድ አያይዙት።

ከአክብሮት ጋር፣
ማየትና መስማት ለተሳናቸው የሚሠሩ አስተርጓሚዎችና የብሬል ባለሙያዎች